በጎልማሳነት ሥዕል መጀመር፡- እርሳስ፣ ጀበናና የአንኮበር ገደል

ለአንድ ጎልማሳ ሰው ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው «እስቲ አገር ቤት ሣል» ቢሉት የሚወጣው ሥዕል ከሞላ ጎደል አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሁለት ተራሮች፣ በመካከላቸው ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ ከታች አንዲት ክብ ጎጆ፣ ከጎኗ አንድ ዛፍ። ሣዩ ሐኪም ይሁን መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ ይሁን የባንክ ሠራተኛ ልዩነት የለውም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ይህንኑ ይሥላል። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ፀሐይ ከሁለት ተራሮች መካከል አትወጣም። የአካባቢው ቤትም ብዙውን ጊዜ የድንጋይ ግድግዳ ያለው ነው። ሰውየው ሠላሳና አርባ ዓመት ያየውን ትቶ በሁለተኛ ክፍል የተማረውን ምልክት ይደግማል ማለት ነው።

ምክንያቱ ብዙም የተሰወረ አይደለም። አብዛኛው ሰው ሥዕል የሚያቆመው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ ልጁ ሥዕሉ ከሚያየው ነገር ጋር እንደማይመሳሰል ራሱ መገንዘብ ይጀምራል፤ የሚያሳየው ሰው ካላገኘ ያፍራል፣ ይተዋል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ መምህር ሲጠፋ የሚሞላ ባዶ ሰዓት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በ40 ዓመቱ እርሳስ የሚያነሣው ሰው ትምህርቱን የሚቀጥለው ካቆመበት ከአሥር ዓመት ልጅ ደረጃ ነው። ይህን ሲያይ «ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ይደመድማል። በሌላ ትምህርት ግን እንዲህ ብሎ የሚደመድም የለም። አልጀብራን በአምስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ሒሳብ ቢያቅተው ትምህርቱን አለመጨረሱን እንጂ ተሰጥኦ ማጣቱን አያነሣም።

እጅን በተመለከተማ የአማርኛ አንባቢ ጭራሽ ሰበብ የለውም። ፊደል የቆጠረ ሰው 33 ፊደላትን በ7 ቤት፣ በጠቅላላው 231 ቅርጾችን በእጁ ለይቶ መጻፍ ይችላል። «ሰ» እና «ሱ»፣ «ለ» እና «ሉ»፣ «መ» እና «ሙ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ይህን የለየ እጅ የጀበናን አንገት መከተል አያቅተውም። ችግሩ ከእጅ አይደለም፤ ከዓይን ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ዓይን ያየውን እጅ ከመቀበሉ በፊት አእምሮ ጣልቃ ገብቶ «ይህን አውቀዋለሁ» በማለቱ ነው።

ስለ ሥዕልና ስለ ሰሜን ሸዋ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስም የአፈወርቅ ተክሌ ነው። የዓለም ሎሬት የሚል ማዕረግ የነበራቸው እኚህ ሠዓሊ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ሆኖም መንገዳቸውን ቀይረው በለንደን በሴንትራል የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማሩ። በእርግጥ በልጅነታቸው ይሥሉ ስለነበር «በጎልማሳነት የጀመሩ» ሊባሉ አይችሉም። ለጀማሪ የሚጠቅመው የታሪካቸው ክፍል ሌላ ነው። ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ ዐውደ ርእይ ካሳዩ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ለሁለት ዓመት ያህል ጥናት አደረጉ። ጥናታቸው የመስታወት ሥዕል አሠራርን ብቻ ሳይሆን በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን ሥዕሎችም የሚጨምር ነበር። ስም ካተረፉም በኋላ የቀደሙትን ሠዓሊዎች ሥራ ቁጭ ብለው አጥንተዋል። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አርፈዋል።

ዘግይቶ የጀመረ ሰው ምሳሌ ለሚፈልግ ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎህ አለ። ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የሥዕል ነጋዴ ድርጅት ሠራተኛ፣ መምህር፣ የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛና ሰባኪ ሆኖ ሞክሯል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፈው የፈረንሳዊው ሻርል ባርግ የሥዕል መማሪያ ሰሌዳዎችን ደጋግሞ በመገልበጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ሥራዎቹ ደረቅና የተንገዳገዱ ናቸው። እንዲያውም ጀማሪ ከኋለኞቹ የሱፍ አበባዎች ይልቅ እነዚያን የመጀመሪያ ሥራዎች ቢያይ ይበልጥ ይጽናናል።

መገልበጥ በእኛም ዘንድ ነባሩ የሥዕል ትምህርት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማሪ ከመምህሩ ሥር ሆኖ ቀለም ይፈጫል፣ ሸራ ያዘጋጃል፣ የመምህሩን ሥራ እየገለበጠ እጁን ያፍታታል፤ ልብስና ዳራ መቀባት ከተፈቀደለት በኋላ ቆይቶ ወደ ፊት ሥዕል ይደርሳል። ሥርዓቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ደብረ ብርሃንን መናገሻቸው ባደረጉት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው ፍሬ ጽዮን የዚያ ዘመን ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ነባሩ ሥዕላችን የሚሠራው ዓይን ባየው ልክ አይደለም፤ የራሱ ሕግ አለው። ቅዱሳን ፊታቸው ወደ ተመልካች ዞሮ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ፤ ክፉዎች በጎን ሆነው ባንድ ዓይን ይሣላሉ። ዓይን ሰፊ የሚሆነው ሠዓሊው ልኩን ስላላወቀ አይደለም። ትርጉም ስላለው ነው። ጀማሪው ጎልማሳም እንዲሁ ዓይንን አስፍቶ ከፊት ይሥላል፤ ነገር ግን ሕግ ስላለው ሳይሆን ሌላ ስለማያውቅ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «የእኛ ሥዕል የሕፃን ሥዕል ይመስላል» የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህን የሚል ሰው እርሳስ ይዞ አንዱን የብራና ሥዕል ለመገልበጥ ቢሞክር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐሳቡን ይለውጣል።

ያዩትን እንዳዩት የመሣል ልማድ ለአንኮበርም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ ከመጣው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጋር ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። በቆላውና በሸዋ ደጋ ያያቸውን ቦታዎች እየሣለ ቆይቶ ሥራዎቹን እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ በመጽሐፍ አሳተመ። ፎቶግራፍ ወደ አካባቢው ከመድረሱ በፊት ያ አገር ምን ይመስል እንደነበር ከምናይባቸው ጥቂት መስኮቶች አንዱ ይኸው የቤርናትስ ሥራ ነው። የእንግዳ ዓይን ስለሆነ ጉድለት አያጣውም፤ ሆኖም የገደሉን አቀማመጥ ቁጭ ብሎ ማየቱ አያጠራጥርም። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ደረጃ ይህ ዓይነቱ አሣሣል በአገራችን በስፋት መሰጠት የጀመረው በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል።

ወደ ተግባሩ እንግባ። መሣሪያው ርካሽ ነው። አንድ ኤች ቢ፣ አንድ 2 ቢ፣ አንድ 6 ቢ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ምላጭና ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይበቃሉ። «ኤች» ጠንካራውን፣ «ቢ» ጥቁሩንና ለስላሳውን ያመለክታል። የእርሳስ ውስጡ በስሙ እንደሚባለው እርሳስ የተባለው ብረት አይደለም፤ ግራፋይትና ሸክላ አፈር ተቀላቅሎ የተጠበሰ ነው። ዘዴውን ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 አስመዝግቧል። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይጠቁራል። ውድ ወረቀት ለጀማሪ ጠላት ነው፤ እንዳይበላሽ ሲሳሱለት እጅ ይታሰራል።

ለመጀመሪያ ትምህርት ከጀበና የተሻለ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በየቤቱ አለ፣ አይንቀሳቀስም፣ ቅርጹ ቀላል ይመስላል። እኔ በ38 ዓመቴ የሣልኩት የመጀመሪያ ጀበና ዝይ ይመስል ነበር። ሆዱ ወደ ግራ ተንጋዶ፣ አንገቱ ረዝሞ፣ እጀታው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሆኖ ቀረ። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወረቀቴን አሥር ጊዜ ሳይ ጀበናውን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የማየው። ሌላውን የሞላሁት ከማውቀው ነው።

መድኃኒቱ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ወረቀቱን ጨርሶ ሳያዩ መሣል ነው። ዓይንዎን በጀበናው ጠርዝ ላይ ያኑሩና እንደ ጉንዳን ቀስ ብለው ይሂዱ፤ እርሳሱም በዚያው ፍጥነት ወረቀቱ ላይ ይሂድ። ቀና አይበሉ፣ አያጭበርብሩ። የሚወጣው ነገር አስቂኝ ነው፤ ለሰው ማሳየትም አያስፈልግም። አሜሪካዊው መምህር ኪሞን ኒኮላይደስ እ.ኤ.አ. በ1941 በታተመው መጽሐፉ ይህን ልምምድ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች መካከል አስገብቶታል። ዓላማው ሥዕል ማግኘት አይደለም፤ ዓይንን ማዘግየት ነው።

ሁለተኛው ጀበናውን ትቶ ባዶውን መሣል ነው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለችውን ቀዳዳ ይመልከቱ። ለዚያች ቀዳዳ በአእምሮዎ የተቀመጠ ምልክት የለም፤ «ይህን አውቀዋለሁ» የሚል ድምፅም አይነሣም። ስለዚህ እንዳለች ይሥሏታል። ቀዳዳዋ በትክክል ከተሣለች እጀታው ሳይታሰብ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ሥዕልን ገልብጦ መቅዳትም በዚሁ ምክንያት ይሠራል። ይህን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀችው ቤቲ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው መጽሐፍ ነው። ጉዳዩን በቀኝና በግራ አንጎል ክፍፍል ማስረዳቷን የአንጎል ሳይንስ ተመራማሪዎች አልተቀበሉላትም፤ ልምምዱ ግን ይሠራል።

ሦስተኛው መለካት ነው። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው፣ አንድ ዓይን ጨፍነው፣ የጀበናውን አንገት ርዝመት በእርሳሱ ላይ በአውራ ጣትዎ ይያዙ። ከዚያ ያ ርዝመት በሆዱ ስፋት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠሩ። ክንድ ከታጠፈ ልኩ ይበላሻል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከጀበናው ቀጥሎ ሲኒው ይምጣ። የሲኒ አፍ ክብ መሆኑን ስለምናውቅ ክብ አድርገን እንሥለዋለን፤ ከበርጩማ ላይ ተቀምጠን ስናየው ግን ሞላላ ነው። ሲኒውን ወደ ዓይንዎ ከፍታ እያነሡ ይመልከቱት። ሞላላው እየጠበበ ሄዶ ልክ ዓይንዎ ጋ ሲደርስ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ረከቦት ላይ ሲመልሱት ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ከአፉ ይበልጥ የጎበጠ ነው፤ ከዓይንዎ የሚርቀው እሱ ነዋ! ጀማሪ ሁሉ አፉን ክብ፣ ግርጌውን ጠፍጣፋ አድርጎ ይሥላል፤ ያን ሲኒ ቡና ቢቀዱበት ይፈሳል።

ብርሃንና ጥላ ለመለማመድ ግን ጀበናውን ይተዉት። ጥቁር ስለሆነ ጥላውን ይውጠዋል። ነጩ ሲኒ ወይም አንድ እንቁላል ይሻላል። በአንድ መስኮት ብቻ ብርሃን በሚገባበት ክፍል ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡትና ሦስት ደረጃ ብቻ ይፈልጉ፡- ብሩህ፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። በእንቁላሉ ጨለማ ወገን ግርጌ ትንሽ ፈካ ያለ ጠርዝ ሊታይ ይችላል፤ ከወረቀቱ የተንፀባረቀ ብርሃን ነው። ያንን ያየ ሰው ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ይቻላል።

በዚህ ጉዳይ ደብረ ብርሃን የታደለች ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ደመና በሌለበት በበጋ ጠዋት የድንጋይ አጥሩ ጥላ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ችግሩ ብርዱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ስለሚጥል ማለዳ ጣት አይታዘዝም። ፀሐይ ትንሽ እስክትሞቅ መጠበቅ ወይም ጣቱ የተቆረጠ የሹራብ ጓንት ማድረግ ያዋጣል። በርኖስ ለብሶ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ካገኙና ፈቃዱን ከጠየቁ ጥሩ የልብስ እጥፋት መለማመጃ ነው፤ የሱፉ እጥፋት ወፍራምና ጥቂት ስለሆነ ከነጠላ ይልቅ ለጀማሪ ይቀላል።

የርቀትን ነገር ለመማር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር መድረስ ነው። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ኮረብታ ላይ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየተደራረበ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እዚህ ጋ ጀማሪው የሚሠራው ስሕተት ሁሌም አንድ ነው። የሩቁን ተራራ ልክ እንደ ቅርቡ አጥቁሮ፣ ጠርዙን አድምቆ ይሥለዋል፤ ተራራ ጠንካራና ትልቅ መሆኑን ያውቃላ። ዓይኑን ቢያምን ግን የቅርቡ ጽድ ጥቁር፣ ሁለተኛው ሸንተረር ግራጫ፣ ሦስተኛው ከሰማዩ እምብዛም የማይለይ ሆኖ ያገኘው ነበር። በመካከል ያለው አየር፣ አቧራውና ጉሙ ርቀት በጨመረ ቁጥር የጥቁርና የነጩን ልዩነት ይቀንሰዋል። 6 ቢውን ለቅርቡ፣ 2 ቢውን ለመካከሉ፣ ኤች ቢውን ጫን ሳይሉ ለሩቁ ይጠቀሙ። ገደሉ ወረቀቱ ላይ ይከፈታል። በክረምት ከቆላው የሚወጣው ጉም በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም ሊሸፍነው ስለሚችል በጋው ይመረጣል።

የሰው ፊት ይቆየን የሚሉ መምህራን አሉ፤ ሆኖም ጀማሪ ሁሉ የሚመኘው እሱን ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ዓይን የሚገኘው ከራስ አናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው። በመስታወት ፊት እርሳስ ይዘው ይለኩት። ትኩረታችን ፊት ላይ ስለሆነ ግንባርንና ፀጉርን አሳንሰን ዓይንን ወደ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ሰውየው አንጎል የሌለው ይሆናል። ይህችን አንዷን ማስተካከል ብቻ ሥዕሉን በእጅጉ ይለውጠዋል።

ከእጅና ከዓይን ሌላ የሚያስቸግረው እፍረት ነው። ሕፃን ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ያሳያል፤ ጎልማሳ ይደብቃል። ደጅ ቁጭ ብለው ሲሥሉ ደግሞ ሰው መክበቡ አይቀርም፤ ልጆች ከትከሻዎ በላይ እየተንጠራሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ። አህያ ሥለው «ውሻ ነው» ካሉዎት የልጆቹ ፍርድ ትክክል ነው፤ ከብዙ መምህር ይልቅ እውነተኞች ናቸው። ገበያና ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ግን ሳያስፈቅዱ ወረቀት መዘርጋት ተገቢ አይደለም። በመንግሥት ተቋማትና በድልድዮች አጠገብም ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

አስተማሪ ቢገኝ መልካም ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚኖር ባለ ሥራ የአዲስ አበባው 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት አይደለም። አማራጩ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መሰብሰብ ነው። የወር ማኅበር ለሚጠጣ ሕዝብ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ጀበና ዙሪያ ተቀምጦ መሣል ከባድ አይሆንም፤ ቡናው ከመቅረቡ በፊት ይሣላል። ከተለያየ አቅጣጫ የተሣለውን ጎን ለጎን ሲያስተያዩት ማን የት እንደተሳሳተ ያለ አስተማሪ ይታያል። በቀን 20 ደቂቃ መሥራት በወር አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል፤ ዓይን የሚለምደው በመደጋገም ነው።

አዲስ አበባ የመሄድ አጋጣሚ ሲገኝ ደግሞ ትንሽ ደብተር በኪስ ይዞ መሄድ ነው። በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቆዩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። ቆሞ አንድ እጅ ወይም አንድ የልብስ ጠርዝ መገልበጥ ሙሉውን በሞባይል ፎቶ ከማንሣት የተሻለ ይቀራል። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመስታወት ሥዕል የሚገኝበት የአፍሪካ አዳራሽም ከእድሳት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ለመግባት ከቻሉ ቀለሙን ለጊዜው ይተዉትና መስታወቶቹን የሚያያይዙትን ጥቋቁር መስመሮች ብቻ በዓይንዎ ይከተሉ።

በሠሩት ወረቀት ሁሉ ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ ያቺን ዝይ የመሰለችውንም አይቅደዷት።